ዋዝራ ከካርታ የወደቀች ሰሞን

ዋዝራ የምትባል መንደር አለች። ከሃምሳዎቹ ዓመታት በአንዱ ግን፣ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ፣ አልነበረችም። መንደር ተነቅሎ ወዴት ይሄዳል ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የትም አልሄደችም፤ ሰዎቿ ራሳቸው ናቸው የለንም ያሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትክሪ የሚሉት ወንዝ ከእንጅባራ ደጋ፣ ከቀርከሃው ሥር ተነሥቶ ወደ ዳንግላ ሲወርድ ዋዝራ ላይ ለሁለት ይከፈላል። በዳንግላ በኩል የሚያልፈውን ትንሹ ትክሪ፣ በእንጅባራ በኩል የሚያልፈውን ትልቁ ትክሪ ይሏቸዋል። ከመንደሯ በታች ታርቀው መልሰው አንድ ይሆናሉ። ከትንሹ ትክሪ ወዲህ ያለው አገር የጉብላ ምክትል ወረዳ ነው፤ ከትልቁ ትክሪ ማዶ ያለው ደግሞ የሳንክራ ምክትል ወረዳ። መካከል ላይ የተቀመጠችው ዋዝራ የማን ናት? ይህን ጥያቄ የዋዝራ ሰው ከአያቱ ጀምሮ አይወደውም። ጉብላ ለግብር ሲጠራው «እኛ የሳንክራ ነን» ይላል፤ ሳንክራ ሲጠራው «እኛ የጉብላ ነን» ይላል። እንዲህ እያለ ለሁለቱም ሳይገብር፣ ሁለቱንም እየመረቀ ኖረ።

ያለምወርቅ የዚች መንደር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻዋን በደቦ እያሳረሰች፣ ድንቿን ራሷ እየኮተኮተች የማንንም ፊት ሳታይ የምትኖር፣ ምላሷ እንደ ቃሪያ የሚለበልብ፣ ስትስቅ ደግሞ ጎረቤት ሥራ የሚያስፈታ ሴት ናት። ከአንዲት ልጅ በቀር የላትም። ልጅቱን ደጊቱን ዓምና ለሳንክራ ሰው፣ ሀብቱ ለሚባል ጎልማሳ ዳረቻት። በበጋ ነገሩ ቀላል ነው፤ ትልቁ ትክሪ ከጉልበት አያልፍም፣ ያለምወርቅም ቁርሷን በልታ ልጇ ቤት ሄዳ ከብቶች ሳይገቡ ትመለሳለች። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ግን ወንዙ ሌላ ይሆናል። የቀርከሃ ድልድይ ይሠሩለታል፤ በሐምሌ መጀመሪያ ጠራርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ እስከ መስቀል ድረስ ዋዝራና ሳንክራ እየተያዩ የማይገናኙ አገሮች ናቸው።

ዓምና በዚያ ክረምት ደጊቱ በወባ ወደቀች። እናቷ ይህን የሰማችው ከመስቀል በኋላ፣ ልጅቱ ድና ውሃ መቅዳት ከጀመረች ወዲያ ነው። ያለምወርቅ ያን ቀን ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያም ተቆጣች። «ልጄ ሞት አፋፍ ላይ ሆና እኔ ድንች ስኮተኩት ነበር! ከደጄ ቆሜ የቤቷን ጭስ እያየሁ ‹ደህና ናት፣ ወጥ እየሠራች ነው› ስል ነበር!» ብላ ትክሪን በአማርኛ ሰደበችው፤ አማርኛው ሲያልቅባት በአገውኛ ቀጠለች።

ዘንድሮ ደግሞ በጥር መባቻ ሀብቱ ራሱ መጥቶ ደጊቱ መፀነሷን ነገራት። የደስታው ልክ አልነበረውም። ኋላ ግን ጣቶቿን አጥፋ ስትቆጥር፣ ልጁ የሚወለደው ሐምሌ ላይ ሆኖ አገኘችው። ለመጀመሪያ ልጅ ሴት ወደ እናቷ ቤት መሄዷ ወግ ነው፤ ነገር ግን የሀብቱ እናት ከአልጋ የማይነሡ በሽተኛ ናቸው፣ ደጊቱ ትታቸው አትመጣም። ያለምወርቅም ቀድማ ተሻግራ እዚያ እንዳትከርም፣ የአረም ወራት ላይ ማሳዋንና ከብቷን ለማን ትተወው? ሐምሌ፣ ትክሪ፣ ምጥ፤ ሦስቱ በአንድ ላይ መጡባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለምወርቅ በጥር ፀሐይ የሐምሌን ወንዝ ስታይ ነበር የምትውለው።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው የድልድዩ ወሬ የመጣው። ከዳንግላ ገበያ የተመለሰ ሁሉ አንድ ነገር ያወራል፤ ከአዲስ አበባ ገብረ ማርያም የሚባል መሐንዲስ መጥቷል፣ በትክሪ ላይ የእግረኛና የጭነት ከብት ድልድይ ሊሠራ ነው፣ ብረቱና ሲሚንቶው ዳንግላ ደርሷል። የሚሠራው ሰው በብዛት በሰፈረበት፣ መንገድም በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቦታውን የሚመርጠው ሁለቱ ምክትል ወረዳዎች በኅዳር ያስነሡትን የየራሳቸውን ካርታ አጋጥሞ አይቶ ነው።

ያለምወርቅ «በኅዳር» የሚለውን ስትሰማ የያዘችውን ቅል አስቀምጣ ወሬውን ደግማ አስነገረች።

ምክንያቱም በኅዳር የሆነውን ታውቃለች። በኅዳር ከጉብላ አንድ ጸሐፊ፣ ከሳንክራም አንድ ጸሐፊ፣ በየፊናቸው ገመድ ይዘው መጥተው ነበር። ገመድ! ጎጃም ውስጥ ገመድ ይዞ ማሳ ዳር የቆመን ሰው ለምን መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቀላድ ሊጥል፣ መሬት ለክቶ ግብር ሊያበዛ ነው፣ ሌላ ምን ሊያደርግ ይመጣል? የዋዝራ ሰው ያን ዕለት ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ደርበው የሚባል፣ ከእጁ ሳንቲም ከሚወድቅ ጥርሱ ቢወድቅ የሚመርጥ ገበሬ፣ መላውን ዘየደ። «የጉብላው ሲመጣ ድንበሩ ትንሹ ትክሪ ነው በሉት። የሳንክራው ሲመጣ ትልቁ ትክሪ ነው በሉት። ሁለቱም እስከ ወንዝ ለክተው ይመለሳሉ፤ እኛ መካከል ላይ እንተኛለን።» ሁሉም አጨበጨበለት። ለማናገር የተመረጠችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያለምወርቅ ናት።

እርሷም አሳመረችው። የጉብላውን ጸሐፊ ትንሹ ትክሪ ዳር ተቀብላ፣ በጠላ አርሳ፣ «ጌታዬ፣ የእናንተ አገር እዚህ ላይ አለቀ» አለችው። በሦስተኛው ቀን የሳንክራውን ትልቁ ትክሪ ማዶ ድረስ ሄዳ ተቀብላ፣ ያንኑ ጠላ አቅርባ፣ ያንኑ ቃል አለችው። ሁለቱም ጫማቸው ሳይረጥብ ሥራቸው ስላለቀላቸው መርቀዋት ሄዱ። መንደሩ ያን ሳምንት ሲስቅ ሰነበተ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እርሷ ነበረች።

የዳንግላው ስብሰባ ቀን ሲደርስ ያለምወርቅ የመንደሩን ሽማግሌ አያ ምህረቴን አስነሥታ መንገድ ገባች። አያ ምህረቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሹም ሲያዩ ጉሮሯቸው ይዘጋል። «እንደው ምን ልንል ነው እምንሄደው?» ይሏታል በየዳገቱ። «ሄደን እንስማ እንጂ አያ፤ ምናልባት አንዱ ተሳስቶ ጽፎን ይሆናል» ትላቸዋለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸቷ እንዳይሠራላት ትጸልይ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የሁለቱ ምክትል ወረዳ ገዢዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የጉብላው ግራዝማች በዛብህ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጢማቸውን የሚያፍተለትሉ ሰው ናቸው። የሳንክራው ፊታውራሪ አበረ ወፍራም ሳቂታ ናቸው፤ ፈረስ ላይ ሲወጡ ግን ጎረምሳ ይሆናሉ። ሁለቱም ካርታቸውን ጠቅልለው ጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። መሐንዲሱ ዘርጉልኝ ሲላቸው አንዳቸውም አልተነቃነቁም።

«እርሳቸው ያስቀድሙ» አሉ ግራዝማች።

«ኧረ ግራዝማች ይቅደሙ፤ ታላቄ አይደሉ» አሉ ፊታውራሪ።

ነገሩ መከባበር እንዳይመስላችሁ። የአገሬን መንገድና ምንጭ ጎረቤቴ አይቶ ነገ የግጦሽ ክርክር ያነሣብኛል ብሎ እያንዳንዱ ፈርቷል። በስንት ዓመት ጉርብትና አንዱ የሌላውን ካርታ አይቶ አያውቅም። መሐንዲሱ ብልህ ስለነበር ሁለቱንም አስነሥቶ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ አቆማቸውና «እኔ ‹በስመ አብ› ስል እኩል ትዘረጋላችሁ» አለ። እኩል ዘረጉ።

መሐንዲሱ ሁለቱን ወረቀት አስጠግቶ፣ በጉብላ ወረቀት ዳር ያለውን ወንዝ በሳንክራ ወረቀት ዳር ባለው ወንዝ ላይ ደረበው። ልክክ አለለት። ፊቱ በራ። «እንዲህ ነው እንጂ! ትክሪ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ሁለት ምክትል ወረዳ ሳይጣላ እንዲህ ሲገጥምልኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ግራዝማችና ፊታውራሪም ሳያስቡት ተመሰጋግነው ተቀመጡ።

ያለምወርቅ ፊደል አትለይም፤ ግን ወንዝን ማንም ያውቀዋል። አንድ ወንዝ ብቻ ነው የምታየው። ትንሹ ትክሪ በትልቁ ላይ ተኝቷል፤ ሾላው፣ ቤቷ፣ የድንች ማሳዋ፣ የባሏ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በሁለቱ ወረቀት መካከል ተድጠዋል።

«ጌታዬ» አለች ከበሩ ሥር፣ «ድልድዩ ታዲያ የት ሊሆን ነው?»

መሐንዲሱ በትሕትና መለሰላት። «እታለም፣ እዚህ ከታች ሰው የሰፈረበት ቦታ የለም። ስለዚህ ከላይ፣ ከገደሉ ራስ ላይ እንሠራዋለን።»

የገደሉ ራስ! ከዋዝራ ወደዚያ ወጥቶ፣ ተሻግሮ፣ ደግሞ ወደ ሳንክራ ወርዶ ደጊቱ ቤት ለመድረስ በሐምሌ ጭቃ ሙሉ ቀን አይበቃም። ምጥ ደግሞ ቀን አይጠብቅም። ያለምወርቅ አፏን ከፈተች፤ አያ ምህረቴ እግሯን ረገጧት። ያኔ ዘጋችው። ሽማግሌው እውነት አላቸው፤ ይህ ውሸት የእርሷ ብቻ አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ነው። እርሷ አሁን ብታወጣው ግብሩ በሰው ሁሉ ደጅ ይገባል። የሰውን ነገር ሰው ሳይፈቅድ እንዴት ትሰጣለች? መሐንዲሱ እስከ እሑድ ዳንግላ እንደሚቆይ አጣርታ ወጣች።

በማግስቱ ሾላው ሥር መንደሩ ተሰበሰበ። ያለምወርቅ ያየችውን ነገረቻቸው። ደርበው መጀመሪያ ሳቀ፤ መላው እንዲህ አምሮ መሥራቱ ኩራት ኩራት አለው። ከዚያ ምን እንደምትጠይቅ ሲገባው ሳቁን ዋጠ።

«እኔን ስሙኝ» አለ ተነሥቶ። «ድልድይ ይሠራል፣ ይፈርሳል። ግብር ግን አንዴ ደጅህን ካወቀ አይረሳህም። እስከ ዛሬ ያለ ድልድይ አልኖርንም?»

«ኖረናል» አለች ያለምወርቅ። «አንተ ግን ሐምሌ ላይ አንድ በሬ ነበረህ፣ ያ ቦራው። የታለ?»

ደርበው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ንገረን እንጂ! ግብር ሰብሳቢ ነው የወሰደው ወይስ ትክሪ? የአንድ በሬ ዋጋ የስንት ዓመት ግብር ነው? አንተ በሒሳብ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም።»

ሰዉ ሳቀ። ያለምወርቅ ግን አልሳቀችም፤ ድምጿ ተሰበረ። «ወገኖቼ፣ እኔ ነኝ የለንም ብዬ የተናገርኩት፤ በእኔ አፍ ነው የጠፋነው። ለሌለ ሰው ድልድይ አይሠራም። የሌለ ሰው ሲታመም አይጠየቅም፤ ሲሞት እንኳ ለቀስተኛ አይሻገርለትም። ልጄ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች። እንደ ዓምናው ጭሷን እያየሁ መቆም አልችልም። ግብሩን እከፍላለሁ፤ እናንተም ክፈሉልኝ ብዬ እለምናችኋለሁ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ማዶ ልጅ የዳሩ እናቶች፣ እህት ያላቸው ወንድሞች አንድ በአንድ ተነሡ። «እኔም እከፍላለሁ፣» «እኔም» ተባለ። በመጨረሻ የቀረው ደርበው ነበር። ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና «እሺ፤ ግን የኔን ማሳ ሲለኩ ገመዱን ሳብ አድርገው እንዲይዙት ንገሪልኝ፤ የላላ ገመድ ያበዛል» አለ። በዚህ ተጨርሶ በእልልታ ተበተኑ። ለግብር እልል ያለ መንደር ከዋዝራ በቀር ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለምወርቅና አያ ምህረቴ ዳንግላ ደረሱ። መሐንዲሱ ካርታውን እያጠፈ፣ ግራዝማችና ፊታውራሪም ስንብት ላይ ነበሩ። አያ ምህረቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ጉሮሯቸው እንደ ልማዱ ተዘጋ። ያለምወርቅ ወደ ጠረጴዛው ቀጥ ብላ ሄደች።

«ጌቶቼ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ትክሪ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። እንዲህ አድርጉት» አለችና ተደራርበው የነበሩትን ሁለት ወረቀቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎተተቻቸው። በመካከላቸው የጠረጴዛው ባዶ እንጨት ታየ። መዳፏን እንጨቱ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። «እኛ እዚህ ነን» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሾላውን፣ ገመዱን፣ ጠላውን፣ ሁለቱን ጸሐፊዎች። ደርበውን ግን አልጠራችም፤ «መከርን» ብቻ አለች።

ግራዝማች ጢማቸው ቆመ። «እንዴት ያለ ድፍረት ነው! በሁለት መንግሥት ሲቀልድ የኖረ መንደር!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ፊታውራሪ አበረ ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ በመጨረሻ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ግራዝማች፣ ይቆጡ እንጂ በእኔና በእርስዎ ነው መቆጣት ያለብን። የኔ ጸሐፊ ያመጣውን ከእርስዎ ደበቅሁ፤ እርስዎም ከእኔ ደበቁ። አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ዘርግተን ብናየው ኖሮ አንድ መንደር ሙሉ ሰው በጓዳችን መደበቁን እናውቅ አልነበር? ሴቲቱ እኮ የዋሸችው ለሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው የማያውቁ መሆናቸው ነው የጠቀማት።»

ግራዝማችም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። መሐንዲሱ ባዶውን እንጨት በእርሳስ መታ መታ አድርጎ «ይህን ባዶ በጋራ ሙሉልኝ። ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ፣ አብራችሁ ለክታችሁ፣ አንድ ካርታ በሁለት ቅጂ። አለዚያ አልፈርምም» አላቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዋዝራ በታሪኳ ያላየችውን አየች። ግራዝማች በቦራ ፈረስ በትንሹ ትክሪ በኩል፣ ፊታውራሪ በዳማ ፈረስ በትልቁ ትክሪ በኩል፣ ከነአጃቢዎቻቸው ገቡ። ፈረሶቹ በቀይና በአረንጓዴ ኮርቻ ልብስ ደምቀው ሜዳውን ሞሉት። ሁለቱ ጸሐፊዎች የገመዱን ጫፍና ጫፍ ይዘው ማሳ ለማሳ ዋሉ፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ሲሳሳት አንዱ ያርማል። የጉብላው ጸሐፊ የሳንክራን ምንጮች ስም፣ የሳንክራውም የጉብላን መሻገሪያዎች በወረቀቱ አስገባ። ደርበው ገመዱን ራሴ ካልወጠርኩ ብሎ ሲሳብ ድንች ማሳ ውስጥ ወደቀ። ሰዉ ሲስቅበት እርሱም ተነሥቶ አብሮ ሳቀ።

ከምሳ በኋላ ግን አዲስ ጠብ ተነሣ። ድልድዩ እዚህ ሊሆን ነው ከተባለ ወዲህ ዋዝራ የተጠላች መንደር መሆኗ ቀርቷል።

«ዋዝራ ከጥንት የጉብላ ናት» አሉ ግራዝማች።

«አያቴ ፈረሱን ያሰረው እዚህ ሾላ ሥር ነው፤ የሳንክራ ናት» አሉ ፊታውራሪ።

ስንት ዘመን አባት ያጣችው መንደር በአንድ ቀን ሁለት አባት ተጣሉባት። ያለምወርቅ ጠላ እየቀዳች ትሰማለች። ሁለቱም ፊታቸው ሲቀላ ጣልቃ ገባች። «ጌቶቼ፣ ግብራችንን አንድ ጊዜ ነው የምንከፍለው፤ ለማን እንደሆነ አውራጃው ይዳኛችሁ። ካርታው ላይ ግን በሁለታችሁም ወረቀት ጻፉን።»

ደርበው ከኋላ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለ።

«ዛፍ ላይ ውጡ ማን አለ? ድልድይ ላይ ነው የምንወጣው፤ እርሱ ደግሞ ሁለቱንም እግር ይፈልጋል» አለችው። ፊታውራሪ ዋንጫቸውን አነሡላት። እንዲህ ተደርጎ ተጻፈ፤ አንድ ዋዝራ፣ በሁለት ቅጂ ላይ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንዱ ምክትል ወረዳ መንገድ ሲያወጣ ወይም ምንጭ ሲያጎለብት ለሌላው ሳይነግር ካርታው ላይ እንዳይስል ተስማሙ።

ሥራው በትልቁ ትክሪ ላይ በየካቲት ተጀመረ፤ ትንሹ በክረምትም በእግር ይሻገራል። ድንጋዩን ጉብላ ፈለጠ፣ ቀርከሃውን ለመወጣጫ ሳንክራ አወረደ፣ ዋዝራ አበላች። ያለምወርቅ በየቀኑ ወንዙን፣ ግንበኞቹን፣ ሰማዩን እያየች «ፍጠኑ» ትላቸዋለች። ግንበኞቹ ስሟን ትተው «ፍጠኑ» ብለው ይጠሯት ጀመር። በሰኔ መጨረሻ ብረቱ ተዘርግቶ፣ ሳንቃው ተመትቶ አለቀ። ይሁን እንጂ ሹማምንቱ ለሐምሌ አምስት፣ ለጾመ ሐዋርያት ፍቺ እስኪመረቅ ድረስ ማንም እግሩን እንዳያሳርፍበት አዘዙ። ያለምወርቅ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ትክሪ ከሥሩ እያጉረመረመ ሞላ።

በምርቃቱ ዕለት ሕዝቡ በሁለቱም ዳር እንደ ገበያ ፈሰሰ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ መጣ። ግራዝማች ልቅደም፣ ፊታውራሪ ልቅደም፤ መሐንዲሱ ሁለቱንም ለመነ፣ ሁለቱም እምቢ አሉ። በመጨረሻ ሁለቱም በየጫፋቸው ፈረሳቸውን ኮርኩረው በአንድ ጊዜ ገቡ፤ መካከል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኙ። ድልድዩ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ወደ ኋላ መመለስስ? አገው ምድር ላይ፣ ያን ያህል ሕዝብ እያየው፣ ፈረሱን ወደ ኋላ የሚያስኬድ ሰው ማን ነው? ግራዝማች ጢማቸውን እያፍተለተሉ ቆሙ። ፊታውራሪ አፋቸው እየሳቀ ዓይናቸው እምቢ እያለ ቆሙ። ሕዝቡ ተራ በተራ ይጮህላቸዋል፤ «ግራዝማች!» «ፊታውራሪ!»

በዚያ ጩኸት መካከል ነው ያለምወርቅ ሀብቱን ያየችው። ከማዶ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወጥቶ፣ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ይጣራል። ውሃው ድምፁን ይበላዋል። አንዲት ቃል ብቻ ተሻግራ ደረሰቻት፤ «ምጥ!»

ያለምወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ድልድዩ ላይ ወጣች። አንድ ዘበኛ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው። ሳንቃውን እያንኳኳች መካከል ላይ ደረሰች።

«ጌቶቼ፣ ልጄን ምጥ ይዟታል፤ ፈረሶቻችሁን ያዙልኝ!» አለችና ጎንበስ ብላ በቦራው ሆድ ሥር ገባች።

«ማናት እርሷ?» ብለው ጮኹ ግራዝማች ልጓም እየሳቡ።

«ዋዝራ ናት» አሉ ፊታውራሪ። «ያሳልፏት ግራዝማች፤ ልጇ ምጥ ላይ ናት!» አሉና ከዳማው ወርደው ፈረሱን በልጓሙ ይዘው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንክራ መለሱት። ግራዝማች ይህን ሲያዩ ተሸናፊ ላለመሆን ይሁን ወይም ልባቸው ተነክቶ፣ እርሳቸውም ወርደው ቦራቸውን ወደ ጉብላ መለሱ። በባዶው ድልድይ ላይ ያለምወርቅ ብቻዋን ቀረች። ሮጠች። የሁለቱም ዳር ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ዋዝራን ድልድዩን ማን ቀድሞ ተሻገረው ብለህ ብትጠይቅ፣ ግራዝማችን ወይም ፊታውራሪን የሚጠራልህ የለም።

ቤቱ ስትደርስ ደጊቱ በሴቶች ተከባ ላብ አጥምቋታል። ምጡ የድልድዩን ነገር አስረስቷት፣ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ የቃዠች መስሏት ቀና አለች። ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ቀሚሷ ደረቅ ነው፣ እግሯ ላይ ጭቃ እንጂ ውሃ የለም።

«እማ! ትክሪ ሞልቶ የለም እንዴ? በምን ተሻገርሽ?»

«በእግሬ» አለቻት ያለምወርቅ።

ደጊቱ በዚያ ምጥ መካከል ሳቀች፤ እናቷም እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ምጡ ተመልሶ መጣ። ደጊቱ የእናቷን እጅ አጥብቃ ያዘች፤ ያለምወርቅም ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጁ ተወልዶ እስኪያለቅስ ድረስ አልለቀቀቻትም።